ለልጆች ኦቲዝም ቴራፒ ስራ ኢንተርቪው ተጠርቻለሁ፣ አርቢቲ ሆናችሁ የምትሰሩ እስቲ ምከሩኝ

ሰላም_ሲልቨርስፕሪንግ
ሰላም እንዴት ናችሁ። ሜሪላንድ ነው ያለሁት። ሀገር ቤት ሳይኮሎጂ ጨርሼ ነው የመጣሁት፣ እዚህ ደግሞ ዴይኬር ውስጥ ከሁለትና ከሶስት አመት ልጆች ጋር እሰራለሁ። እኛ ክፍል አንድ የማይናገር ልጅ አለ፣ የሚፈልገውን ሲያጣ ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋር ያጋጭ ነበር፣ ከውጪ ድርጅት የምትመጣ ቴራፒስት አብራው መስራት ከጀመረች ወዲህ ግን ውሃ ሲፈልግ የውሃ ስእል ያለበትን ካርድ አንስቶ ይሰጣል፣ መጋጨቱም በጣም ቀንሷል። እሷን እያየሁ ነው እኔም ይሄን ስራ መስራት አለብኝ ያልኩት። አመለከትኩ፣ በስልክ አናገሩኝና በሚቀጥለው ሳምንት በአካል ለኢንተርቪው ነይ አሉኝ።

ጭንቀቴ ምን መሰላችሁ፣ ኤቢኤ የሚባለውን፣ ባህሪ ላይ የሚሰራውን ቴራፒ፣ ክላስ ውስጥ ስኪነር ምናምን እያልን ተምረነዋል እንጂ ሰርቼው አላውቅም፣ 40 ሰአቱን የኦንላይን ስልጠና ጀምሬዋለሁ ግን ገና ነኝ፣ የአርቢቲ፣ ማለትም ኤቢኤን በሱፐርቫይዘር ስር ሆኖ ከልጁ ጋር የሚሰራ ሰው፣ ሰርተፍኬትም የለኝም። ልጁ ቢነክስሽ ምን ታደርጊያለሽ አይነት ጥያቄ ይጠይቃሉ ሲባል ሰምቻለሁ፣ ለዛ ምን ተብሎ ነው የሚመለሰው? እኔስ እነሱን ምን ብጠይቅ ጥሩ ነው? ደግሞ ስለራሴ ማውራት ይከብደኛል፣ እንግሊዝኛው ሳይሆን ራስን ማሞገሱ ነው የሚከብደኝ። በዚህ ስራ ላይ ያላችሁ፣ ልጆቻችሁ ቴራፒ የሚወስዱ ወላጆችም ብትሆኑ የምታውቁትን ጻፉልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ቤቲ_አርቢቲ
ሰሊዬ እንኳን ደስ አለሽ፣ ዴይኬር መስራትሽ ራሱ ትልቅ ነገር ነው አታሳንሺው። 40 ሰአቱን ስላልጨረስሽ አትጨነቂ፣ ብዙ ድርጅቶች ቀጥረው ራሳቸው ነው የሚያሰለጥኑት፣ የምትሰለጥኚበትን ሰአት ጭምር የሚከፍሉ አሉ፣ ስለዚህ ከኪስሽ ከማውጣትሽ በፊት ጠይቂያቸው። ለሰርተፍኬቱ የሚያስፈልገው 18 አመት መሙላት፣ ቢያንስ ሁለተኛ ደረጃ መጨረስ፣ ባክግራውንድ ቼክ፣ 40 ሰአቱ ስልጠና፣ ከዛ ኮምፒተንሲ አሰስመንት የሚሉት አለ፣ እሱ ላይ ባለሙያዋ እያየችሽ በተግባር ሰርተሽ ታሳያለሽ፣ በመጨረሻ ፒርሰን ቪዩ የሚባል የፈተና ማእከል ሄደሽ 85 ጥያቄ በ90 ደቂቃ ትሰሪያለሽ፣ ነጥብ የሚያዝባቸው 75ቱ ናቸው። ሳይኮሎጂ ለተማረ ሰው ፈተናው የሚያስፈራ አይደለም።

የንክሻውን ጥያቄ በእርግጠኝነት ይጠይቁሻል፣ በንክሻ ባይሆን በመማታት ወይ ሮጦ መንገድ ላይ በመውጣት ያመጡልሻል። እዚህ ላይ የሚፈልጉት ጀግንነትሽን አይደለም፣ መደንገጥሽንና መቆጣትሽን ልጁ ፊት ላይ እንደማታመጪው ነው ማየት የሚፈልጉት። መጀመሪያ የልጁንም የራስሽንም ደህንነት ትጠብቂያለሽ፣ አጠገቡ ሌላ ልጅ ካለ እሱንም፣ ፊትሽም ድምፅሽም እንደነበረ ይሆናል፣ ከዛ ለልጁ የተጻፈለት ቢሄቪየር ፕላን ምን ይላል ወደሱ ትሄጃለሽ፣ ከራስሽ አዲስ ነገር አትፈጥሪም። ነገሩ ካለፈ በኋላ ከንክሻው በፊት ምን ነበር፣ ምን አደረገ፣ ከዛ በኋላ ምን ተከተለ የሚለውን ትጽፊያለሽ፣ ለሱፐርቫይዘርሽ በዛው ቀን ታሳውቂያለሽ፣ ቆዳ ከተቀደደ ደግሞ የኢንሲደንት ሪፖርት አለ።

ግን ከዚህ በላይ አንድ ነገር ብትጨምሪ በጣም ይወዱልሻል። ልጁ የነከሰው ለምን እንደሆነ ማሰብ። በኤቢኤ ብዙ ጊዜ አራት ምክንያት ይባላል፣ የሚፈልገውን ነገር ለማግኘት፣ ከማይፈልገው ነገር ለማምለጥ፣ ሰው እንዲያየው፣ ወይ ደግሞ ስሜቱ ራሱ ለሰውነቱ የሚሰጠው ነገር ስላለ። እስቲ አስቢው፣ ስራ ስትሰጪው ነክሶሽ አንቺ ስራውን ሰብስበሽ ብታነሺለት መንከስ እንደሚሰራ ተማረ ማለት ነው። ሰው እንዲያየው የነከሰ ከሆነ ደግሞ የአንቺ ጩኸት የፈለገውን ሰጠው። ስለዚህ ያው ንክሻ ሆኖ መልሱ ይለያያል፣ በንክሻው ምትክ ደግሞ በቃኝ ወይ እረፍት ስጪኝ የሚልበትን መንገድ ታስተምሪዋለሽ፣ በቃልም በካርድም በምልክትም ይሁን። ያቺ ዴይኬር ያየሻት ቴራፒስት ስትሰራ የነበረው እኮ ይሄንኑ ነው፣ መጋጨቱ የሚያደርግለትን ስራ ካርዱ እንዲያደርግለት። ይሄንን በራስሽ አማርኛም ቢሆን አስቢውና በእንግሊዝኛ ንገሪያቸው፣ ከማንም በላይ ጎልተሽ ትታያለሽ።

ሌላ የሚወዱት ጥያቄ የመጀመሪያ ቀን ከልጁ ጋር ምን ታደርጊያለሽ ነው። ብዙ ሰው ማስተማር እጀምራለሁ ይላል። መጫወት ነው መልሱ! ፔሪንግ ይሉታል፣ ልጁ የሚወደውን አብረሽው ታደርጊያለሽ፣ ምንም አታዢውም፣ አንቺ ስትመጪ ጥሩ ነገር ይመጣል ብሎ እስኪያምንሽ። ለአንዳንዱ ልጅ ሳምንታት ይፈጃል፣ ችግር የለውም።

ማሂ_ዲሲ
እኔም እከታተላለሁ፣ ማመልከቻ ሞልቼ ቁጭ ብያለሁ። ምን ተለብሶ ነው የሚኬደው?

ቤቲ_አርቢቲ
ማሂ ሱፍ አያስፈልግም፣ ንፁህ ሆኖ ወለል ላይ መቀመጥ የሚያስችል ልብስ። የተንጠለጠለ የጆሮ ጌጥና ረጅም ሀብል ተዪው፣ ፀጉር ከረዘመ ሰብሰብ። ክሊኒክ ከሆነ ልጆቹ ወዳሉበት አስገብተው ሊያስጎበኙሽ ይችላሉ፣ እዛ ልጅ ቀርቦ ቢያናግርሽ ወይ ቢነካሽ ዝቅ ብለሽ ሰላም በይው፣ ያንን ያያሉ።

አቤል_አሌክሳንድሪያ
ቤቲ ጥሩ አርጋ ጽፋዋለች፣ እኔ በሌላ በኩል ልምጣ፣ ምክንያቱም የኛ ሰው ኢንተርቪው ሲገባ ተጠያቂ ብቻ ነው የሚሆነው፣ ስራ ካገኘሁ ይበቃኛል ብሎ ሳይጠይቅ ይፈርማል በኋላ ነው የሚያማርረው። ከአንድ በላይ ድርጅት ሰርቻለሁ ክፍያው በሰአት ስለሆነ በደንብ ስሙኝ።

አንደኛ ስለ ካንስሌሽን ጠይቂ። ልጁ ታሞ ወይ ቤተሰቡ ጉዳይ ገጥሞት ሴሽን፣ ማለትም የቴራፒው ክፍለ ጊዜ፣ ሲሰረዝ ይከፈልሻል ወይ? ብዙ ቦታ አይከፈልም፣ ድርጅቱም ለኢንሹራንስ ማስከፈል የሚችለው አንቺ ከልጁ ጋር ለቆየሽበት ሰአት ስለሆነ ነው። እና ወረቀት ላይ ፉል ታይም የተባልሽው በተግባር ግማሽ ይሆንና ለሬንት ትቸገሪያለሽ። የሚያረጋግጡልሽ ዝቅተኛ ሰአት ካለ በጽሁፍ ይስጡሽ። ሁለተኛ ከአንዱ ልጅ ቤት ወደሌላው ስትነጂ ያለውን ሰአት ይከፍሉሻል ወይ፣ በፌዴራል ህጉ በአንድ የስራ ቀን ውስጥ ከስራ ቦታ ወደ ስራ ቦታ የሚኬድበት ጊዜ የስራ ሰአት ነው፣ ነዳጅ ብቻ ሰጥተው ዝም የሚሉ አሉ። ቤልትዌይ ላይ፣ ዲሲን በሚዞረው ሃይዌይ፣ ከሰአት በኋላ ከሮክቪል ስፕሪንግፊልድ መንዳት ምን ማለት እንደሆነ ታውቂዋለሽ።

ሶስተኛ በጣም አስፈላጊው፣ በደብልዩ ቱ፣ እንደ ተቀጣሪ፣ ነው ወይስ በ1099፣ እንደ ኮንትራክተር፣ የሚቀጥሩሽ። አርቢቲ በህጉ ብቻውን የሚሰራ ሰው አይደለም፣ ሁልጊዜ ሱፐርቫይዘር አለው፣ ፕላኑን የሚያወጣው እሱ ነው፣ ሰአትሽንም እነሱ ናቸው የሚመድቡት። እንዲህ ሆኖ ራስሽን የቻልሽ ኮንትራክተር ነሽ ቢሉሽ ታክሱን ሁሉ አንቺ ላይ ጣሉት ማለት ነው፣ ስትጎጂም የስራ ላይ ጉዳት ካሳ የለሽም። አንድ ድርጅት እንደዛ ብሎኝ ነበር፣ አመስግኜ ወጣሁ።

ሰላም_ሲልቨርስፕሪንግ
አቤል ተባረክ፣ ይሄንን ማንም አልነገረኝም። ሱፐርቪዥኑ ግን ስንት ጊዜ ነው የሚመጡት? ብቻዬን ሰው ቤት ጥለውኝ ይሄዳሉ ብዬ እፈራለሁ።

ሀና_ቢሲቢኤ
ሰላም እህቴ፣ እኔ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ነኝ፣ ቢሲቢኤ ማለት ፕላኑን የሚያወጣውና አርቢቲዎችን ሱፐርቫይዝ የሚያደርገው ባለሙያ ነው፣ አርቢቲ ኢንተርቪው አደርጋለሁ። በሰርተፍኬት ሰጪው ቦርድ ህግ አንድ አርቢቲ በወር ከሰራችው ሰአት ቢያንስ 5 ከመቶው ላይ ሱፐርቪዥን ማግኘት አለባት፣ በወር ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተገናኝተው፣ ከዛ ውስጥ ቢያንስ አንዱ ከልጁ ጋር ስትሰራ እየታየች። ይሄ ዝቅተኛው ነው። ጀማሪ ሰው በዚህ ብቻ ሊተው አይገባም፣ ስለዚህ ስትጠይቂ በወር ስንት ሰአት አትበይ፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ማን አብሮኝ ይሆናል፣ ብቻዬን ከመግባቴ በፊት ስንት ሴሽን አያለሁ፣ ልጁ ቤት ሆኜ ነገር ቢከብደኝ ማን ጋ ነው የምደውለው፣ ስልኩንስ ያነሳል ወይ ብለሽ ጠይቂ። የሚመልስልሽ ሰው ሲያመነታ ካየሽ መልሱን አግኝተሻል። አንድ ቢሲቢኤ ስንት ልጆች እንደያዘች መጠየቅም ይቻላል፣ እኔ ብጠየቅ ደስ ይለኛል እንጂ አልቀየምም።

ራስን ስለማሞገስ ላልሽው፣ ገብቶኛል፣ የኛ አስተዳደግ ነው። ኢትዮጵያዊ አመልካቾች ፊቴ ሲቀመጡ በጣም የማዝንበት ነገር ይሄ ነው፣ አስር ታናናሽ ወንድምና እህት ያሳደገች ልጅ ልምድ የለኝም ብላኝ ዝም ትላለች። ሁሉንም እኛ እኛ እያለች ታወራና እሷ ምን እንዳደረገች ሳላውቅ ሰአቱ ያልቃል። ማሞገስ አይጠበቅብሽም፣ የሆነውን ብቻ ንገሪኝ። ዴይኬር ውስጥ አንድ ልጅ አልቅሶ አልቅሶ እንቢ ያለበትን ቀን አንሺ፣ ምን አየሽ፣ ምን ሞከርሽ፣ አልሰራ ሲል ምን ቀየርሽ፣ ከዛ ምን ሆነ። የልጁን ስም ብቻ አትጥሪ፣ የዴይኬሩንም ልጅ ቢሆን፣ ምክንያቱም የሰውን ልጅ ሚስጥር በኢንተርቪው ላይ የምታወራ ሰው የኔንም ክላየንት ታወራለች ብዬ ነው የማስበው።

ሌላው ፊድባክ ነው። እኔ ሆን ብዬ ትንሽ ሮል ፕሌይ አደርጋለሁ፣ እኔ ልጁን እሆናለሁ እሷ ኳሱን ስጠኝ ታስተምረኛለች፣ ከዛ አንድ ነገር አርማታለሁና እንደገና እንሞክረው እላለሁ። መጀመሪያ ጥሩ መስራቷ ግድ አይሰጠኝም፣ ሁለተኛው ላይ ያልኳትን መሞከሯን ነው የማየው። ይሄ ስራ በየሳምንቱ ሰው እያየሽ የሚያርምሽ ስራ ነው፣ እርማት እንደ ስድብ የሚሰማው ሰው አይቆይበትም።

የናቲ_እናት
ልጆቼ የኔ ልጅ ናቲ አሁን አስራ አንድ አመቱ ነው፣ ቴራፒ ከሶስት አመቱ ጀምሮ ይወስዳል፣ ስለዚህ ቤቴ የገቡትን ቴራፒስቶች ብዛት እኔ ነኝ የማውቀው። ሰላም ልጄ ወላጅም ይጻፍ ስላልሽ ነው የጻፍኩት።

እኔ ደህናዋን ልጅ የማውቃት በሩ ላይ ነው። ጫማዋን አውልቃ ከኔ በፊት ናቲን ሰላም ካለችው ገባኝ። መናገር አይችልም ብለው ከላዩ ላይ የሚያወሩበት አሉ፣ ዛሬ ምን ሆነ፣ ትናንት ልብሱ ላይ ሸንቶ ነበር ወይ እያሉ እሱ ፊት ይጠይቁኛል። ልጄ ይሰማል እኮ! ሁሉንም ይሰማል። ኢንተርቪው ላይ ልጁን እንዴት ታከብሪዋለሽ ብለው ባይጠይቁሽም አንቺ አንሺው፣ ልጁ ፊት ስለ ልጁ አላወራም በያቸው።

ሌላ ደግሞ ቋንቋ። ናቲ ትንሽ እያለ በእንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት ግራ ይጋባል ብለውን አያቱ ስታናግረው ዝም በይ እስከማለት ደርሰን ነበር። በኋላ አንዲት የስፒች ቴራፒስት ናት ኧረ ይሄ ትክክል አይደለም፣ ሁለት ቋንቋ መስማት ኦቲዝም ያለበትን ልጅ አይጎዳውም ያለችን። እና አማርኛ የምትችል ቴራፒስት ስትመጣልን ምን ያህል እንደተለወጠ አትጠይቁኝ፣ በቃ ና ስንለው ይመጣል፣ አያቱ ሳሎን ተቀምጣ የምትለው ነገር ለሱም ትርጉም አለው። ሰላም አማርኛሽን ኢንተርቪው ላይ እንደ ትልቅ ነገር አንሺው፣ ነውም።

ሀና_ቢሲቢኤ
እትዬ ያሉት ትክክል ነው፣ ጥናቶቹም የሚያሳዩት ያንኑ ነው፣ ሁለት ቋንቋ መስማት የኦቲዝም ልጅን የቋንቋ እድገት አያዘገየውም። እንዳውም በአማርኛ አፉን የሚፈታ ቤተሰብ ውስጥ ቢሲቢኤዋ የምትጽፈው ግብ በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ ልጁ ከቴራፒስቷ ጋር እንጂ ከእናቱ ጋር የማያወራበት ነገር ይሆናል።

ባህሉንም ማወቅሽን አንሺ ሰላም። ለምሳሌ አይን ለአይን አያይም ተብሎ የሚመዘገብ ነገር አለ። የኛ ልጅ ትልቅ ሰው ሲያናግረው አይኑን ዝቅ ማድረግ እየተማረ ነው የሚያድገው። በጣም ትንሽ ልጅ ላይ ሌላ ምልክት ስላለ ምርመራው በዛ አይወድቅም፣ ግን የአምስትና የስድስት አመት ልጅ ላይ አይን ማየትን ግብ አድርጎ ማስገደድ ጥቅሙ ምንድነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቡድኔ ውስጥ እፈልጋለሁ።

ሰላም_ሲልቨርስፕሪንግ
እትዬ እግዚአብሔር ናቲን ያሳድግልዎት፣ በጣም ነው የነካኝ። አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ቤት ብመደብ ቡና ይፈላል ምግብ ይቀርባል፣ እምቢ ማለት ለኛ ከባድ ነው፣ በስልክ ያናገረችኝ ሴትዮ ስለ ባውንደሪ፣ ከቤተሰቡ ጋር ስለሚጠበቀው ገደብ፣ ጠይቃኝ ስለነበር ደግሞ በአካል ስሄድም እንደምታነሳው ነው የሚመስለኝ።

ቤቲ_አርቢቲ
ታነሳዋለች! የአርቢቲ የስነ ምግባር ደንብ አለ፣ የአሁኑ ከ2022 ጀምሮ የሚሰራው ነው፣ ከቤተሰብ ስጦታ ስትቀበዪ ከ10 ዶላር በላይ የሚያወጣ አይሁን፣ እሱም አልፎ አልፎ የምስጋና ያህል እንጂ በየጊዜው አይሁን ይላል። እኔ የማደርገው ገና መጀመሪያ ቀን ነው ለቤተሰቡ የምነግራቸው፣ ሴሽን ላይ እጄም አይኔም ልጁ ላይ ነው፣ ትኩስ ቡና ይዤ ልጅ አጠገብ መቀመጥ አልችልም፣ ሲኒ ውሃ ግን አልጠላም እላለሁ። በጣም ካስቸገሩ ቢሲቢኤዋ ትነግራቸዋለች፣ እኔን እንዳይቀየሙኝ። ኢንተርቪው ላይ ባህሌን አልረግጥም ህጉንም አልጥስም፣ መጀመሪያውኑ በአክብሮት አስረዳለሁ ብትዪ በቂ ነው።

የባሰው ግን ቡናው አይደለም። እዚህ አካባቢ ማህበረሰባችን ትንሽ ናት፣ የልጁን እናት ቤተክርስቲያን ታገኛታለሽ፣ እቁብ ላይ ታገኛታለሽ፣ ሰርግ ላይ ታገኛታለሽ። እዛ ስለ ልጁ ብታነሳብሽ ቢሮ እናውራው ማለት አለብሽ፣ አንቺ ደግሞ ቀድመሽ ሰላም ብለሽ ቴራፒ እንደምትሰጪው ሌላው ሰው እንዲያውቅ ማድረግ የለብሽም፣ ያልነገረችው ዘመድ አጠገቧ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ዘመድሽ ወይ የቅርብ ጓደኛሽ ልጅ ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያው ሌላ ሰው ይመደብ ብለሽ ጠይቂ።

የናቲ_እናት
ቤቲ ይሄ እውነት ነው። እኛ ለአመታት ለዘመድ ሳንናገር ኖረናል፣ ጠበል ውሰጂው፣ አይነ ጥላ ነው፣ ቲቪ አብዝተሽበት ነው እያሉ ስለሚጨርሱሽ። ጠበልም ወስጄዋለሁ፣ እምነቴ ነው አሁንም እወስደዋለሁ፣ ግን አንዲት ቴራፒስት አንገቱ ላይ ማተብ አይታ የሳቀች ቀን ሁለተኛ እንድትመጣ አልፈለግኩም። ቴራፒውም ጠበሉም አብረው ይሄዳሉ በኔ ቤት።

ዳዊት_ሲያትል
ይቅርታ አርጉልኝ ግን አንድም ሰው ስለ ኤቢኤ ሌላኛውን ወገን ሲያነሳ ስላላየሁ ነው። የእህቴ ልጅ ኤቢኤ ወስዷል፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው የሚወዳትን መኪና ይዘው አይኔን እይ፣ እጅህን አታወዛውዝ፣ እንዲህ በል እያሉት ሰአታት ያልፋሉ፣ በመጨረሻ የበር ደወል ሲሰማ አልጋ ስር መደበቅ ጀመረ። ካደጉ በኋላ ስለዚህ ነገር የሚጽፉ ኦቲዝም ያለባቸው ትልልቅ ሰዎች አሉ፣ ጎድቶናል ይላሉ። ሰላም ስራውን አትግቢበት ማለቴ አይደለም፣ ግን እያወቅሽ ግቢ።

ሀና_ቢሲቢኤ
ዳዊት ስላነሳኸው አመሰግናለሁ፣ ልጁም በመጎዳቱ አዝናለሁ፣ የበር ደወል ሰምቶ የሚደበቅ ልጅ ካለ ስራው ወዲያው መቆም ነበረበት። ሰላም ይሄን ታሪክ ማወቅ አለብሽ። ኤቢኤን ለኦቲዝም ያስፋፋው የዩሲኤልኤው ሎቫስ ነው፣ በ1987 ባወጣው ጥናት በሳምንት 40 ሰአት ያህል ከወሰዱት 19 ልጆች ዘጠኙ ከእኩዮቻቸው ጋር ተቀላቀሉ አለ፣ መላው አሜሪካ ያንን ቁጥር ይዞ ሮጠ። ግን በዛን ዘመን ስራው ውስጥ ቅጣት ነበረበት፣ መጮህና በጥፊ መምታት ጭምር፣ ቀደም ባሉት ስራዎቹ ላይ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሳይቀር። ሰዎች ዛሬም የሚቆጡት ያለምክንያት አይደለም።

ዛሬ ሁሉም ቦታ እንደዛ አይደለም፣ ሁሉም ቦታ ደግሞ ጥሩ አይደለም፣ ስለዚህ የምትገቢበትን ማወቂያው ኢንተርቪው ነው። ልጁ አልፈልግም ሲል፣ በቃል ሳይሆን ፊቱን አዙሮ ወይ ተነስቶ ሄዶ ሲነግርሽ፣ እዚህ ድርጅት ምን ይደረጋል ብለሽ ጠይቂ። አሴንት ይባላል፣ የልጁ ፈቃደኝነት። እንቀጥላለን ይለምደዋል ካሉሽ ተጠንቀቂ። እጅ ማወዛወዝን ወይ መሽከርከርን ለማስቆም ትሰራላችሁ ወይ በያቸው፣ ራሱን ካልጎዳ ለምን ይቆማል? ለሁሉም ልጅ በሳምንት እኩል 40 ሰአት የሚያዙ ከሆነ ምክንያቱን ጠይቂ። ልጅን አካሉን መያዝ ካስፈለገ ማን ነው የሚፈቅደው፣ ስልጠናውስ ምንድነው፣ ሲፒአይ ነው ሴፍቲ ኬር ነው የሚባሉት የደህንነት ስልጠናዎች፣ ከዛ በኋላ ለቤተሰቡ ይነገራል ወይ። እኔ እንደ አሰሪ በነዚህ ጥያቄዎች ከተናደድኩ አንቺ እኔ ጋ መስራት የለብሽም።

አቤል_አሌክሳንድሪያ
ሀና ይሄንን ላስቀምጠውማ ነው የምልሽ። ሰላም አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር፣ ኢንተርቪው ስትጨርሺ አንድ ሴሽን ቁጭ ብዬ ማየት እችላለሁ ወይ በያቸው። የቤተሰብ ፈቃድ ስለሚያስፈልግ ሁሉም አይችሉም፣ ግን ክሊኒክ ካላቸው ብዙ ጊዜ ይቻላል። ልጆቹ ይስቃሉ ወይ፣ ሰራተኞቹ ወለል ላይ ናቸው ወይስ ታብሌታቸው ላይ አቀርቅረዋል፣ ግማሽ ሰአት ማየት ከማንኛውም መልስ ይበልጣል።

ሰላም_ሲልቨርስፕሪንግ
ሁላችሁንም ጻፍኳችሁ። ዳዊት ላንተም አመሰግናለሁ፣ የእህትህ ልጅ ነገር ከአእምሮዬ አይጠፋም። አንድ ያልገባኝ፣ ከሀገር ቤት ያመጣሁት ዲግሪ ለምን ይሆናል? ወደፊት ቢሲቢኤ መሆን እፈልጋለሁ ብል ኢንተርቪው ላይ ቶሎ ትሄዳለች ብለው አይቀጥሩኝም?

ሀና_ቢሲቢኤ
ኧረ በተቃራኒው፣ ተናገሪው! ለቢሲቢኤ ማስተርስ ያስፈልጋል፣ በተጨማሪ ሱፐርቫይዝ የተደረገ የስራ ሰአት፣ በመደበኛው መንገድ 2000 ሰአት። አርቢቲ ሆነሽ የምትሰሪው ሰአት ሁሉ ግን አይቆጠርም፣ ከልጁ ጋር ፊት ለፊት ከመስራት ውጪ ፕላን መጻፍ፣ ዳታ መተንተን፣ አሰስመንት የመሳሰለውም መኖር አለበት። ስለዚህ ማስተርስ ብጀምር ሰአት የምትሰጡኝ ቢሲቢኤ አለች ወይ፣ ታስከፍሉኛላችሁ ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ አንዳንዱ ቦታ በነፃ ነው ሌላው ጋ ግን ውል አስፈርመው ለአመታት ያስሩሻል። ዲግሪሽን ደግሞ ከአሁኑ አስገምግሚው፣ ትራንስክሪፕት ከሀገር ቤት ለማስላክ ጊዜ ይፈጃል፣ ለማስተርስ መግቢያ ይጠይቁሻል።

ሜሮን_ዱባይ
ሰላም ለሁላችሁ፣ እኔ ዱባይ ነኝ፣ አንድ ቤተሰብ ጋ የኦቲዝም ልጅ እየተንከባከብኩ ነው፣ ትምህርት ቤት ሼዶ ቲቸር፣ ክፍል ውስጥ አጠገቡ ሆኖ የሚረዳ ሰው፣ ብትሆኚለት ብለውኛል። አርቢቲ እዚህ ሆኜ መውሰድ እችላለሁ?

ሀና_ቢሲቢኤ
ሜሮንዬ የአሜሪካው ቦርድ ከ2023 ጀምሮ ከጥቂት ሀገሮች ውጪ ለሚኖር ሰው አዲስ ማመልከቻ አይቀበልም፣ ኤምሬትስም ኢትዮጵያም ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ብዙ ሰው ይሄን ሳያውቅ 40 ሰአት ስልጠና ከፍሎ ይገዛል፣ ሻጮቹም አይነግሩትም። ለውጪ ሀገር የሚሆኑት አይቢኤኦ (IBAO) የሚባለው ድርጅት የሚሰጠው አይቢቲ (IBT) እና ኳባ (QABA) የሚባለው የሚሰጠው ኤባት (ABAT) የሚባሉት ሰርተፍኬቶች ናቸው፣ እነሱም ስልጠናና ሱፐርቪዥን ይፈልጋሉ። ትምህርት ቤቱ የትኛውን እንደሚቀበል ከመክፈልሽ በፊት አረጋግጪ።

ትግስት_አዲስአበባ
አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ፣ ሰርተፍኬት እስኪገኝ ቁጭ ማለት የለም። ነፍሷን ይማርና ዘሚ የኑስ በ2002 በፈረንጆች ጆይ የሚባለውን ማእከል ስትከፍት በሀገሪቱ የመጀመሪያው የኦቲዝም ማእከል ነበር፣ የራሷን ልጅ ይዛ ነው የተነሳችው፣ ከዛ በኋላ ነህምያም ተከፈተ፣ ሌሎችም አሉ። እኔ ከማእከል በአንዱ ረዳት ሆኜ ነው የጀመርኩት። ለስራው ሲያናግሩኝ ያተኮሩት ትእግስትና ሽንት ቤት ማስለመድ ላይ ነበር፣ ልጆቹን መመገብ፣ ማጠብ፣ ማልበስ ትችያለሽ ወይ፣ ትልልቅ ልጆችም አሉ ትችያቸዋለሽ ወይ። ከዛ በኋላ ነው ክፍል አስገብተው ከልጆቹ ጋር ያስቀመጡኝ፣ አስተማሪዎቹ ከዳር ሆነው ሲያዩኝ ነበር። ሜሮን ሀገር ቤት ከመጣሽ መጀመሪያ በበጎ ፈቃደኝነት ግቢ፣ ቦታ የሚጠብቁ ልጆች ስላሉ እጅ ይፈልጋሉ፣ ስራ ሲከፈት ደግሞ የሚያውቁትን ሰው ነው የሚቀጥሩት።

ሜሮን_ዱባይ
ትግስት አመሰግናለሁ፣ ኢንቦክስ ልጽፍልሽ እችላለሁ?

ትግስት_አዲስአበባ
እሺ ጻፊልኝ፣ ማታ ማታ ነው የምገባው።